ከጆሮዋ ጀርባ

መስከረም 20

ይድረስ ለልጄ ለነጥብ፣

ቀንሽ የጤና፣ ሥራሽ የበረከት፣ አለቃሽ የትዕግሥት ይሁንልሽ። ስለ እኔ ብትጠይቂ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ መቁጠር ጀምሯል እንጂ ሌላው እንደ ነበረ ነው።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ስለ ሥራሽ የጻፍሽውን አራት ጊዜ አነበብሁት። የጫማ ሥዕል ይሰጡሻል፤ ሥዕሉ እንደ ወረቀቱ ዝርግ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ቀስ እያለ ያብጣል፣ ሆድና ጀርባ ያወጣል፣ በመጨረሻም ዞሮ ተረከዙን ያሳያል። እኔም አርባ ዓመት ያስተማርሁት ይህንኑ መሆኑን አስተውለሻል? ስድስት ካሬ በመስቀል ቅርጽ አያይዘን እንሥላለን፣ በመቀስ እንቆርጣለን፣ አጥፈን ኩብ እናደርጋለን። ልዩነቱ የእኔ ተማሪዎች ሙጫውን ይልሱት ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የእናትሽን ፎቶግራፍ ልኬያለሁ። ቤቱ ውኃ በገባበት ክረምት ሌሎቹ ከሣጥኑ ጋር ስለ ሄዱ፣ የእህቴ ምስል ከዚህ በቀር የለም። ከመሥሪያ ቤት መታወቂያዋ ላይ የተላጠ ነው፤ አራት በሦስት ሳንቲ ሜትር። ፊት ለፊት ታያለች፤ ሻሽ ስላሰረች ጆሮዋም ጠጉሯም አይታይም። አገጯ ሥር ግማሽ ማኅተም አርፏል፤ እሱን ማጥፋት ትችይ ይሆናል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ ዞር እንድትል ማድረግ ይቻላል? ከተቀበረች ሠላሳ ዓመት ፊት ለፊት ብቻ ነው የምታየኝ። አንቺ በሁለት ዓመትሽ እኔ ቤት ስትገቢ የክፍሉን ጥግ ይዘሽ ሳትነቃነቂ ስለ ቆየሽ ነው ነጥብ ያልሁሽ፤ ርዝመትም ወርድም የሌላት፣ ቦታ ብቻ ያላት። አሁን ደግሞ እናትሽ ከወርድና ከቁመት በቀር ሌላ የላትም። ልክ አይደለም።

የሚያቻኩል ነገር የለም። ከሚመጣው ክረምት በፊት ቢሆን ግን ደስ ይለኛል።

እጅሽ አይዛል።
አጎትሽ


ኅዳር 2

ለተወደዱት ለጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ ደረጃ መቁጠሩን ትቶ መውጣት ጀመረ ወይ? እኔ ደህና ነኝ።

ሳልቆጣዎ አላልፍም። ጽሑፍዎ መስመር ለቆ አንዱ በሌላው ላይ ወጥቷል፤ ሁለተኛውን ገጽ ሳነብ የምሳ ሰዓቴ አለቀ። አውቶቡስ ላይ ሆነው ነው የጻፉት? «መስመር ያልያዘ መድረሻ የለውም» ብለው ደብተሬን የቀደዱት እርስዎ አልነበሩም?

ሥራውን ጀምሬያለሁ። እንዴት እንደሚሠራ ልንገርዎ፤ ሳይገባዎ ማለፍ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ፎቶውን አሳድጌ ስክሪኑ ላይ አነጠፍኩት። ፊቷ ላይ አራት መቶ ነጥብ አስቀመጥኩ (አዎ፣ ነጥብ ነጥብ እያስቀመጠች)። እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቁጥር ይፈልጋል። ወደ ጎንና ወደ ላይ ያሉትን ሁለቱን ፎቶው ይሰጠኛል። ሦስተኛው፣ ጥልቀቱ፣ ፎቶው ውስጥ የለም። የአፍንጫዋ ጫፍ ከጉንጯ ስንት እንደሚርቅ ከጥላው እየገመትኩ የምወስነው እኔ ነኝ። ነጥቦቹን በመስመር ሳገናኛቸው መረብ ይሆናሉ፤ ፎቶው በመረቡ ላይ እንደ ቆዳ ይለበሳል።

ከዚያ እንድትነሣ አደረግኩ። በአርባ ስምንት ሥዕል ነው የምትነሣው፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው በትንሹ ይለያል። አንደኛው ላይ ወረቀት ናት። አምስተኛው ላይ አፍንጫዋ ተነሣ። አሥረኛው ላይ ጉንጯ ሞላ፣ ዓይኗ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀመጠ። ከአሥራ አምስተኛው ጀምሮ መዞር ጀመረች። ሃያ አራተኛው ላይ ጎኗን ሰጠችኝ፤ ጋሼ፣ ከጎኗ ኋላ ምንም የለም። ጭምብል ናት። ከኋላ ሲታይ ፊቷ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ሳህን ነው።

አጠገቤ የሚሠራው ባለ መነጽሩ አንገቱን አስግጎ፣ «ይቺ ሴትዮ ጭንቅላቷን የት ጥላ መጣች?» አለኝ።

«እናቴ ናት» አልኩት።

ሻይ ገዛልኝ። ስኳሩን ራሱ ነው ያማሰለልኝ።

እርዳታዎን እፈልጋለሁ። ከኋላዋ ያለውን እኔ አላውቀውም፤ የሁለት ዓመት ልጅ የእናቷን ጀርባ አቅፋ ትተኛለች እንጂ አትለካም። የጭንቅላቷ ዙሪያ ስንት ነው? ጆሮዋ እንዴት ነው? ማጅራቷ? የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ።

እስከዚያው አርባ ስምንቱን ሥዕል አትሜ፣ ዳሩን ሰፍቼ እንደ መጽሐፍ ልኬልዎታለሁ። ዳሩን ይዘው ገጾቹን በአውራ ጣትዎ ቶሎ ቶሎ ሲለቋቸው ፊቷ ይነሣና ይዞራል። ከሃያ አራት በኋላ ያለውን በግምት ነው የሞላሁት። ስሕተቱን እንደ ልማድዎ በቀይ ያክብቡልኝ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።
ነጥብ


ታኅሣሥ 15

ይድረስ ለልጄ ለነጥብ፣

የጻፍሽው ሁሉ የተቃና ይሁን። ይህን ደብዳቤ የማጽፈው በልብስ ሰፊው እጅ ነው። ጎረቤታችንን ታስታውሺዋለሽ፤ በጂኦሜትሪ ምክንያት ሁለት ዓመት የደገመው። እጄ ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። (አንድ ዓመት ብቻ ነው የደገምኩት። ልብስ ሰፊው።)

መጽሐፉ ደርሶኛል። ወረቀቱ ጥሩ ወረቀት ነው፤ ስፌቱም ጠንካራ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ማስረጃ የሌለው ቁጥር አልሰጥሽም። የጭንቅላቷን ዙሪያ ያገኘሁት ከሻሿ ነው። ታጥፎበት የኖረው መስመርና የቋጠሮው ምልክት ዛሬም አለ፤ ልብስ ሰፊው በሜትሩ ለካው፤ ሃምሳ አምስት ተኩል። ከግንባር እስከ ኋላ ያለውን ለማግኘት ደግሞ ሱቁ ለቀሚስ የመጡ ዘጠኝ ሴቶችን ራስ አስለካሁት። ዙሪያቸው ከእሷ ጋር የሚቀራረበው አራቱ ናቸው፤ የአራቱ አማካይ አሥራ ስምንት ከግማሽ ነው። እሱን ያዢ። (አንዷ «ቀሚስ ላሰፋ መጥቼ ራሴን ምን አድርግ ብዬህ ነው?» አለችኝ። «ለኮፍያ» አልኳት። «ኮፍያ ማን አዘዘህ?» «መምህር» ስላት ራሷን አቀረበችልኝ። ልጇን እሳቸው ናቸው ያስተማሩት።)

ከዚህ በታች ያለው በሜትር ያልተለካ፣ በእጄ የማውቀው ነው። ከሰባት ዓመቷ እስከ አሥራ ሦስት ጠጉሯን የጎነጎንሁላት እኔ ነኝ፤ እናታችን ሥራ ውላ ነበር የምትገባው።

አንደኛ፣ የራሷ ኋላ ክብ ነው፤ ከመሀል ከፍ ብሎ ይወጣል እንጂ ዝቅ ብሎ አይደለም። ሁለተኛ፣ ማጅራቷ ላይ አውራ ጣት የሚገባበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ሦስተኛ፣ የግራ ጆሮዋ ከቀኙ ይልቅ ወጣ ይላል። አራተኛ፣ ከግራ ጆሮዋ ጀርባ ጠባሳ አለ፤ ርዝመቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር፣ እንደ ባቄላ የጎበጠ፣ ጫፉ ወደ ታች የወረደ። ሌላው ሁሉ ቢሳሳት ግድ የለም። ጠባሳው ግን ይኑር።

(ይህን ሲናገሩ የራሳቸውን ጆሮ ጀርባ እየዳበሱ ነው። እንዳሉኝ ጻፍኩ።)

ጥያቄዬንም ላሻሽል። ስክሪን ላይ የሚዞረው ይቅር። በእጅ የሚያዝ ነገር ቢሆን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ። ኩብ ሰሌዳ ላይ ሲሣል ከስድስቱ ገጾች ሦስቱ ብቻ ይታያሉ፤ ስድስቱንም የሚያገኘው የያዘው ሰው ነው። ማሽን አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ደግ ደጉን ያሰማን።
አጎትሽ


ጥር 22

ለተወደዱት ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ከእጅዎ መንቀጥቀጥ ቀድሞ ይድረስ፤ ያበርታዎ። ልብስ ሰፊውንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ዘጠኝ ሴት ለክቶ በሰላም መግባቱ ይገርማል።

ቁጥሮቹን በሙሉ አስገብቻለሁ። ጠባሳውንም።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀረሁትን የመጽሐፉን ሁለተኛ ቅጂ ባለ መነጽሩ አንስቶ ሲያገላብጥ ሳቀ። ገጽ ሠላሳ አንድ ተገልብጦ ነው የተሰፋው። እናቴ ዞር እያለች ሳለ ድንገት በአናቷ ትቆማለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትቀጥላለች። የእርስዎን አብሬ ነው የሰፋሁት፤ እሱም እንዲሁ ነው። ሕፃን ልጅ ያየዋል። እርስዎ ደግሞ የታመምኩ ጊዜ «ማሪያም ማረችኝ» ብዬ የጻፍኩልዎትን ደብዳቤ ነጠላ ሰረዙን አስተካክለው የመለሱልኝ ሰው ነዎት። «ወረቀቱ ጥሩ ነው» አሉኝ።

ጋሼ፣ መጽሐፉን አይተውታል?

ማሽኑ አለ። ቀጭን የፕላስቲክ ክር እያቀለጠ፣ አንዱን ድርብ በሌላው ላይ እየደረበ ከታች ወደ ላይ ይሠራል። ለአንድ ራስ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። አሁን ወረፋ የለበትም፤ ከአሥራ አራቱ ወንበራችን ስድስቱ ባዶ ናቸው። ደንበኛ ሲመጣ አለቃችን ባዶዎቹ ወንበሮች ላይ ኮት ያንጠለጥልባቸዋል፤ ሰዎቹ ሻይ ሊጠጡ የወጡ እንዲመስል። የእኔም አሮጌ ኮት አንዱ ላይ ይሠራል። ብቻ እሱን ይተዉት።

መልስዎን እጠብቃለሁ።
ነጥብ


የካቲት 20

ይድረስ ለልጄ ለነጥብ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ገጽ ሠላሳ አንድን በተመለከተ ጥፋቱ የእኔ ነው። መጽሐፉን አላየሁትም።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳሽ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የማየው ነገር መሀሉ እየጠፋ ዳር ዳሩ ብቻ ይቀራል። ሰው ሲመጣ ትከሻው አለ፣ በሩ አለ፣ ፊቱ የለም። ሐኪም ቤት ሄድሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የእኔ ተማሪ አይደለም። «መቼ ይድናል?» ብዬ ጠየቅሁት፤ «ይለመዳል» አለኝ። ያልተጠየቀውን መለሰ። ዜሮ ነው የምሰጠው።

ፎቶውን የላክሁልሽ ፊቷን ለመጨረሻ ጊዜ ባየሁበት ሳምንት ነው። ማስታወሱን እችላለሁ ብዬ ነበር፤ አልቻልሁም። ፊቷን ሳስብ ማኅተሙ ነው የሚመጣልኝ። እጄ ግን ጠጉሯን ስድስት ዓመት ይዟል፤ እጅ አይታወርም ብዬ ነው ያስቸገርሁሽ።

አትዘኚ። ቶሎ በይም አልልሽም። (ሌላ የሚያጽፉኝ ካለ ብዬ ቆየሁ። «በቃ፣ አጥፈው» አሉኝ።)

አጎትሽ


መጋቢት 29

ለጋሼዬ፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምልዎ አላውቅም፤ ስለዚህ ሥራውን ይዤ እመጣለሁ።

ጥቅሉ ዛሬ ተልኳል። ቁመቷ ከነአንገቷ ሃያ ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው፤ እንደ ራሷ ልክ። ሻሹን አውልቄላታለሁ፤ ለእጅዎ ስለማይመች። ቀለም አልቀባኋትም፤ ለምን እንደሆነ ያውቁታል። የማሽኑን ክር መስመር በብርጭቆ ወረቀት እያሸሁ ሦስት ቀን አለሰለስኩት፤ አፍንጫዋ ሥር ትንሽ ሻካራ ቀርቷል፤ እጄ አልገባ ብሎኝ ነው።

ወደ ማሽኑ ከመላኬ በፊት ግን ስክሪኑ ላይ አንዴ አስነሣኋት። የምሳ ሰዓት ነበር፤ የቀረነው ስምንታችንም ዳቦአችንን እንደያዝን ቆምን። መጀመሪያ ወረቀት ነበረች፤ ማኅተሙ እንኳ ነበር። ከዚያ ማኅተሙ ለቀቀ። አፍንጫዋ ተነሣ፣ ጉንጯ ሞላ፣ አንገቷ ትከሻ ፍለጋ ወረደ። መዞር ጀመረች። ሃያ አራተኛው ሥዕል ጋ ስትደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። አለፈችው። ጆሮዋ መጣ፣ ማጅራቷ መጣ፣ ጀርባዋን ሰጠችን። እናቴን ከኋላ አየኋት፣ ጋሼ። ጥላኝ የምትሄድ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ዞራ ተመለሰች።

አለቃችን ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። «ይህ የማን ትዕዛዝ ነው?» አለ።

«የደንበኛ» አለ ባለ መነጽሩ።

«የትኛው ደንበኛ?»

«አስቸጋሪው። አንድም ጊዜ ዘጠና አምስት ሰጥቶ የማያውቀው።»

አለቃችን እሷን አየ፣ እኔን አየ። «ግንባሯን ነው የወሰድሽው» ብሎ ሄደ። ማሽኑን ግን አላስቆመም።

ማሽኑ የሠራው የመጨረሻ ነገር ናት። የዚህ ወር ማለቴ ነው።

ሲደርስዎ ማርክ ይስጡኝ።
ነጥብ


ግንቦት 4

ይድረስ ለልጄ ለነጥብ፣

እጅሽን ፈጣሪ ይባርከው። ጥቅሉ በደህና ደርሷል፤ አልተሰበረም። እጅግ የተዋጣ ሥራ ነው። አፍንጫዋ ሥር ያለው ሻካራ አይጎዳም።

ዘጠና ከመቶ።

አጎትሽ


በዚያው ፖስታ፣ በሌላ ወረቀት

እህቴ፣

ልብስ ሰፊው ነኝ። እንዳልጽፍልሽ አስምለውኛል፤ ምያለሁም። ኃጢአቱ የእኔ ይሁን። ዘጠና የሚለውን ስታነቢ አሥሩን የት አጎደልኩ እያልሽ ስትብሰለሰዪ ታየሽኝ፤ እኔ እኮ ከእሳቸው አሥራ ሁለት አግኝቼ እንኳ ምክንያቱን ጽፈውልኛል።

ጥቅሉ ሲመጣ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ጠረጴዛው ላይ ፊቷን ወደ እሳቸው አድርጌ አስቀመጥኩላቸው። «አይ፣ ጀርባዋን» አሉኝ። አዞርኳት። ጠጉር ሊጎነጉኑ እንደተቀመጡ ሆነው ከራሷ አናት ጀመሩ። ማጅራቷ ላይ አውራ ጣታቸውን አስገቡ፤ ልክ ገባ። ሳቁ፤ ጥርሳቸውን ካየሁት ስንት ጊዜ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው በቀኝ ጆሮዋ ጀርባ ሄደ። ቆመ። ወደ ላይ ወጣ፣ ወረደ። ጠባሳው የለም።

«መምህር፣ ምነው?» አልኳቸው።

«ይቺ ማን ናት?» አሉኝ።

ግራ እጃቸውን አመጡ። በዚያ በኩል ጠባሳው አለ፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር፣ የጎበጠ፣ ልክ እንዳሉት። ጆሮውም እሱ ነው የወጣው።

«የዚያን ደብዳቤ ረቂቅ አምጣ» አሉኝ። ሁልጊዜ ረቂቅ ያስቀሩኛል። አነበብኩላቸው። «ከግራ ጆሮዋ ጀርባ።»

«ግራ ብያለሁ?»

«ብለዋል።»

«ስናገር እጄ የት ነበር?»

«ቀኝ ጆሮዎ ላይ።»

እጃቸውን ከራሷ ላይ አነሡ። ከዚያ፣ «አርባ ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ፣ እንዳይሳሳቱ ብዬ ቀኝ እጄን እያነሣሁ 'ግራ እጃችሁን አንሡ' ያልሁ ሰው ነኝ» አሉኝ። እውነት ነው። ፊት ለፊት ስለሚቆሙ እንደ መስታወት ይሆኑልን ነበር። እኛም ግራችንን እናነሣለን፤ አንድም ቀን አልተሳሳትንም። ያን ቀን እጃቸው ቀኝ ጆሮ ላይ ሆኖ አፋቸው ግራ ሲል እያየሁ ግራ ብዬ የጻፍኩት ለዚያ ነው። መምህር አይሳሳቱም ብዬ ነው። በእኛ ሙያ ሜትር ከመዘርጋት በፊት የሚጠየቀው «የማን ቀኝ? የለባሹ ወይስ የተመልካቹ?» ነው። ዘጠኝ ሴት ስለካ እሱን አልጠየቅኩም።

አሥሩን የቀነሱት ከራሳቸው ነው። «ወረቀት ላይ ቢሆን ገልብጬ መስኮት ላይ እለጥፈው ነበር፤ ብርሃኑ ያቃናው ነበር። ድፍን ነገር አይገለበጥም» አሉኝ። ገባኝ፤ የግራ እጅጌ ምንም ብታዞሪው ቀኝ አይሆንም።

የሚስተካከል ከሆነ ዝም ብለሽ አስተካክለሽ ላኪ። እኔ አልጻፍኩልሽም።


ሰኔ 6

ለተወደዱት ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ልብስ ሰፊውን አይቆጡት። እሱ ባይነግረኝም ከዘጠናው አውቀው ነበር፤ እርስዎ ቀይ ሳይነኩ አሥር ቀንሰው አያውቁም።

እርስዎ አልተሳሳቱም፤ እኔ አልጠየቅኩም። ፎቶው ላይ ሻሽ ስላሰረች ከየትኛው ጆሮ ጀርባ እንደሆነ ፎቶው ሊነግረኝ አይችልም ነበር፤ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ «የማን ግራ?» ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። ጆሮዋንና ጠባሳውን የያዙት ነጥቦች ላይ፣ ከሦስቱ ቁጥሮች የመጀመሪያውን ምልክት ከመደመር ወደ መቀነስ መቀየር ብቻ ነው። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ይህን ለሳምንት ሳስበው ሰነበትኩ።

ግን ማሽኑ የለም። ነጥቦቹም የሉም። መሥሪያ ቤቱ የእርስዎን ጥቅል በላክሁ በአሥራ አንደኛው ቀን ተዘጋ። ኮምፒውተሮቹን በጨረታ የወሰደው ሰው ውስጣቸውን ባዶ አስደርጎ ነው የተረከበው። ቅጂ ልውሰድ ብዬ አለቃችንን ለምኜው ነበር፤ ፊርማ ከሰጠ በኋላ ነው የደረስኩት። ኮቶቹን ብቻ መለሰልን።

ከሚያዝያ ጀምሮ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ነው የምሠራው። ተጨማድዶ፣ ተቆልሎ፣ ሆድና ጀርባ አውጥቶ ይመጣል፤ በጋለው ሲሊንደር አሳልፌ ዝርግ አደርገዋለሁ። ቀኑን ሙሉ። ሥራዬ ተገልብጦ መጣልኝ።

ሁለት ቦታ ጠይቄያለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚሠሩት ከሆነ ይሠሩታል፤ ዋጋውን አልጽፍልዎትም፤ ተስፋ ለመስጠት ያህል እንኳ የሚጻፍ አይደለም። እኔ ጋ የቀረው ፎቶው ብቻ ነው።

አንድ ነገር አስቤ ነበር። ራሷን መስታወት ፊት ቢያስቀምጧት፣ መስታወቱ ውስጥ ያለችው እሷ ናት፤ ጠባሳውም በትክክለኛው በኩል ነው። ጽፌ ልሰርዘው ስል፣ ስርዝ ያለበት ደብዳቤ አይቀበሉም ብዬ ተውኩት።

ይቅር ይበሉኝ።
ነጥብ


ነሐሴ 10

ይድረስ ለልጄ ለነጥብ፣

ደክሞሽ ስትገቢ ቤትሽ ሞቅ ብሎ ይቆይሽ። ክረምቱ እዚህ ገብቷል፤ ጣሪያው ላይ ሲወርድ እሰማለሁ።

ስለ መስታወቱ ልክ ነሽ፤ ሙሉ ማርክ። ልብስ ሰፊው ደንበኞቹ ራሳቸውን የሚያዩበትን ረጅም መስታወት ተሸክሞ አመጣና ከፊቷ አቆመው። «መምህር፣ አሁን በቀኝ ነው!» አለኝ። እጄን ዘረጋሁ። መስታወት ነካሁ። ቀዝቃዛ ነበር። መልሰህ ውሰደው አልሁት፤ ለሥራው ያስፈልገዋል።

የጠባሳውን ነገር አልነገርሁሽም። ያመጣሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እሷ ሰባት። ተቆጥቼ የመስኮቱን መዝጊያ በርግጫ ከፈትሁት፤ እሷ ከሥሩ ተቀምጣ ኖሯል። ሰው እስኪደርስ በዚህ በቀኝ እጄ ጠቅጥቄ ያዝሁት። ደሙ በጣቶቼ መሀል ይሞቅ ነበር። «ለእማዬ ወደቅሁ እላታለሁ» አለችኝ። አለችም። ጠጉሯን መጎንጎን የጀመርሁት ቦታው እንዳይታይ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው የማየው እሱን ነበር፤ በሞተችም ጊዜ መጨረሻ የነካሁት እሱን ነው። የቀረው ሁሉ ይሳሳት ያልሁሽ ለዚህ ነበር።

ስለ አዲሱ ሥራሽ ምንም አልልም። አንሶላም ቢሆን ጠርዙ ከጠርዙ መግጠም አለበት።

ፎቶውን አትላኪልኝ። የሚያየው ሰው ዘንድ ይቀመጥ። አንቺ ልትገምቺው የማትችዪውን እኔ አሳስቼ ነገርሁሽ፤ ከእንግዲህ ከእኔ የተሻለ ምስክር እሱ ነው።

ሌላ ጥያቄ የለኝም። አንድ ነገር ግን ላስመዝግብ፤ ሥራ ያለ ውጤት አይዘጋም። ከግንቦት ጀምሮ በየቀኑ ከጀርባዋ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ እጄ በቀኝ ሄዶ ባዶ ያገኝ ነበር፤ እሱም ቢሆን አንድ ነገር ነበር፤ ባዶው ቦታ የእሷ ነበር። ከዚያ መጠራጠር ጀመረ። ባለፈው ማክሰኞ ሌላ ነገር እያሰብሁ ሳለ እጄ ሳልልከው ሄደ፤ ሳይፈልግም አገኘው። በግራ። የቀኙን አስቤ ልመልሰው ሞከርሁ፤ የመስኮቱን ቀን፣ ሙቀቱን። የሚመጣልኝ ፕላስቲኩ ነው፤ ደሙም በግራ በኩል ነው የሚወርደው።

ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። «አገኙት!» አለኝ ደስ ብሎት። «ለመዱት።»

ለዚያ ሐኪም የሰጠሁትን ዜሮ ሰርዤዋለሁ።

አጎትሽ